ማየትን ያስተማረው መምህር

መርካቶ ምናለሽ ተራን ስናቋርጥ የዛገ ቆርቆሮና የተጨማደደ ጣሳ እናያለን፤ መልክና ቀለም አለው ብለን ግን መች ቆመን አየን? ቆሞ ማየትን ካስተማሩት አንዱ ሠዓሊና ባለቅኔ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ነው።

ገብረ ክርስቶስ እ.ኤ.አ. በ1932 ሐረር ተወለደ። አባቱ አለቃ ደስታ የብራና ሰው ስለነበሩ ቀለምን የለመደው ከቤቱ ነው። የጀመረውን የእርሻ ትምህርት ትቶ ጀርመን፣ ኮሎኝ ሥዕል አጠና። ተመልሶም አዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተማረ። ረቂቅ ሥዕሎቹን አይተው ይሄ ደግሞ የኛ አይደለም ያሉት ብዙ ነበሩ። እሱ ግን ከመንገዱ ንቅንቅ አላለም፤ በ1965 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት አገኘ።

«ሀገሬ» የተሰኘውን የናፍቆት ግጥም የጻፈው ይህ ሰው በ1981 አሜሪካ፣ ኦክላሆማ ውስጥ በስደት አረፈ። በስሙ የተሰየመው ሙዚየም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር የተከፈተው በ2008 ነው፤ እሱ ግን አላየውም።

እኛ ዕጩ መምህራን ነገ ክፍል እንገባለን። አንድ ልጅ ያልለመድነውን ነገር ስሎ ቢያመጣ፣ ከመሳቃችን በፊት ገብረ ክርስቶስን እናስታውስ።