የቁስቋም ክፍሎች

ከፒያሳ ተነስተን ወደ ቁስቋም ዳገቱን ስንወጣ የምናየው የፈረሰ ግንብ የእቴጌ ምንትዋብ ቤት ነበር። በዚህ ዕትም ሕይወታቸውን የምናነሳው ከሥራችን ጋር ስለሚገናኝ ነው።

እቴጌ ምንትዋብ የቋራ ሰው ናቸው። ለዐፄ በካፋ ተዳሩ። ንጉሡ በ1723 ዓ.ም. ሲያርፉ ልጃቸው ኢያሱ ገና ሕፃን ስለነበሩ፣ እርሳቸውም ዘውድ ጭነው አብረው አገር አስተዳደሩ። ደብረ ፀሐይ ቁስቋምን አሠሩ፤ መኖሪያቸውንም ከጎኑ አደረጉ። በ1747 ዓ.ም. ልጃቸውን ቀበሩ፤ በ1761 ዓ.ም. ደግሞ የልጅ ልጃቸው ዐፄ ኢዮአስ ተገደሉ።

ይህ ሐዘን ሳይወጣላቸው ፈንጣጣ ጎንደር ገባ። የቁስቋም ቅጥርም አላገደው፤ የቤተሰቡ ልጆች ታመሙ። በዚያ ዘመን የፈንጣጣ በሽተኛ ነፋስ እንዳይነካው በር ይዘጋበታል፣ እሳት ይነድበታል፣ ልብስ ይደረብበታል። እቴጌ ግን በየካቲት 1762 ዓ.ም. ከተማው የደረሰውን እስኮትላንዳዊ መንገደኛ ጄምስ ብሩስን አስጠሩ። እርሱም በርና መስኮቱን አስከፈተ፤ ክፍሎቹን በሙቅ ውኃና በኮምጣጤ አሳጠበ፤ ዕጣንና ከርቤ አስጨሰ። ለበሽታው ፈውስ አልነበረም፤ የሞቱም አሉ። የእቴጌ ልጅ የወይዘሮ አስቴር ልጅ ኮንፉ ግን ተረፈ። እቴጌም በ1765 ዓ.ም. አረፉ።

እኛ ይህን ታሪክ ስናወራ አንድ ነገር ልባችንን ይነካዋል። ቁስቋም በሽተኛውን ለብቻው የሚያስተኛበት ትርፍ ክፍል ነበረው። ውኃ የሚያሞቅና ሌሊት የሚጠብቅ ሰውም ነበረው። ዛሬ የምንጠይቃቸው እናቶች አምስት ሆነው በአንዲት የኪራይ ክፍል ያድራሉ፤ አንዳንዶቹም ልጆቻቸውን አቅፈው በሱቅ በረንዳ ላይ ያነጋሉ። ለእንዲህ ያለች እናት መስኮት ክፈቺ፣ የሚያስለውን ልጅ ለይተሽ አስተኚ ማለት ባዶ ምክር ነው።

ስለዚህ ምክራችንን ባዶ እጃችንን ይዘን አንሂድ። ሳሙናና አንድ ጀሪካን ውኃ እንያዝ። እናቲቱ ወደ ጤና ጣቢያ ስትሄድ ከመካከላችን አንዷ ሌሎቹን ልጆች ትጠብቅ። ደጋፊዎቻችንን የምንለምነውም ከሁሉ በፊት የቤት ኪራይ ነው። ቤት የሌላት እናት የታመመ ልጇን የምታስታምምበት ጣሪያ ያስፈልጋታል።