ማርቲን ሉተር እንደ ልጅና እንደ አባት

ስለ ማርቲን ሉተር የተጻፈው ሁሉ አብዛኛውን ጊዜ የሚተርከው ከሮማ ቤተ ክርስቲያን ጋር ያደረገውን ክርክር ነው። እኔ ግን ለዘንድሮው መጽሔታችን የመረጥሁት ከአባቱና ከልጆቹ ጋር የነበረውን ኑሮ ነው። እኛ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ወደፊት ምን እንደምንማር ከወላጆቻችን ጋር የምንከራከርበት ጊዜ ስለ ሆነ፥ የእርሱ ታሪክ እኛንም ይነካናል። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሉተር በ1483 በጀርመን አገር አይስሌበን በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ ሐንስ የገበሬ ልጅ ሲሆን፥ በመዳብ ማዕድን ሥራ ደክሞ ኑሮውን ያቀና ሰው ነበረ። ምኞቱም ልጁ ሕግ ተምሮ የቤተሰቡን ስም እንዲያስጠራ ነበር፤ ስለዚህ በኤርፉርት ዩኒቨርሲቲ አስተማረው። ነገር ግን በ1505 በሐምሌ ወር ልጁ ከወላጆቹ ቤት ወደ ትምህርቱ ሲመለስ መብረቅ አጠገቡ ወደቀ፤ ከድንጋጤው የተነሣም ቢተርፍ ሊመነኩስ ተሳለ። ከሁለት ሳምንት በኋላ የሕግ ትምህርቱን ትቶ ገዳም ገባ። አባቱን አላማከረም።

በ1507 ቅስና ተቀብሎ የመጀመሪያውን ቅዳሴ ሲቀድስ፥ ሐንስ 20 ፈረሰኞች አስከትሎ መጣ፤ ለገዳሙም 20 ጉልደን ሰጠ። ታዲያ ታረቁ ሲባል፥ በማዕድ ላይ አባትዬው በመነኮሳቱ ፊት አባትና እናትን ስለ ማክበር የተሰጠውን ትእዛዝ አስታወሰው። ይህ ነገር በሉተር ልብ እንደ እሾህ ተሰክቶ ቀረ። ከ14 ዓመት በኋላ ስለ ምንኩስና ስእለት የጻፈውን መጽሐፍ ለአባቱ ማበርከቱ ለዚህ ምስክር ነው።

በ1517 ስላወጣቸው 95 አንቀጾችና በ1521 ስለ መወገዙ በታሪክ ትምህርት ስለ ተማርን አልደግመውም። በእኛ አገር ቄስ ሚስት አግብቶ ይቀስሳል፤ መነኵሴ ግን አያገባም። በሮማ ሥርዓት ደግሞ ቄሱም አያገባም። ሉተር ቄስም መነኵሴም ነበረና፥ በሰኔ 1525 በ41 ዓመቱ ከገዳም የወጣችውን ካታሪና ፎን ቦራን ሲያገባ ጠላቶቹ ብቻ ሳይሆኑ ወዳጆቹም ደነገጡ። ለማግባቱ ከሰጣቸው ምክንያቶች አንዱ የልጅ ልጅ የሚመኘውን አባቱን ለማስደሰት መፈለጉ ነበር። ሐንስና ሚስቱም በሠርጉ ግብዣ ላይ ተገኙ። የ20 ዓመት ቅሬታ በዚያ ቀን ያለቀ ይመስለኛል።

መነኮሳቱ የለቀቁት የዊተንበርግ ገዳም መኖሪያቸው ሆነ። ካታሪና ቢራ ትጠምቃለች፥ ከብት ታረባለች፥ አትክልት ትተክላለች፥ ተማሪዎችንም በክፍያ ታሳድራለች። ሉተር ለመጻሕፍቱ ገንዘብ አይቀበልም፤ ያለውንም ለለመነው ይሰጣል። እንግዲህ ቤቱ የቆመው በእርሷ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። ስድስት ልጆች ወለዱ፤ በዚያ ላይ ወላጅ የሌላቸው የዘመድ ልጆች ያሳድጉ ነበር። በ1534 ሚካኤል የሚባል ኢትዮጵያዊ ዲያቆን ዊተንበርግ ድረስ ሄዶ ከሉተር ጋር ስለ ሃይማኖት መነጋገሩን ሳነብ ደግሞ እጅግ ደስ አለኝ።

በ1530 የአባቱ መርዶ ሲደርሰው መዝሙረ ዳዊቱን ይዞ ወደ ክፍሉ ገባና አለቀሰ። ከዚያ የባሰው ሐዘን የመጣው በ1542 ነው። የ13 ዓመት ልጁ ማግደሌና በጠና ታመመች። ወንድሟን ሐንስን እጅግ ትወደው ስለ ነበር፥ ሉተር በቶርጋው ትምህርት ቤት ወዳለው መምህሩ ጽፎ፥ ምክንያቱ ሳይነገረው ልጁ በቶሎ እንዲላክ አደረገ። ማግደሌና በአባቷ እቅፍ ውስጥ ሞተች። ሐንስ ወደ ትምህርቱ ከተመለሰ በኋላ የቤቱ ናፍቆት አላስቀምጥ ቢለው፥ አባቱ እንባውን እንዲገታና በትምህርቱ እንዲጸና ጻፈለት። ያን ጊዜ ሐንስ 16 ዓመቱ ነበረ፤ ከእኛ ብዙ አያንስም። ምክሩ ትክክል ይሁን እንጂ ለእኔ ጠንካራ ሆኖ ይታየኛል።

ለልጁ እንዲህ ያዘነ ሰው በዓመቱ፥ በ1543፥ በአይሁድ ላይ እጅግ የከፋ መጽሐፍ መጻፉን መሰወር አይገባም። በ1525ም በዓመፁት ገበሬዎች ላይ ያለ ርኅራኄ ጽፎአል፤ አያቱ ገበሬ ነበረና ይህን ለመረዳት ይከብደኛል።

ሉተር በ1546 በተወለደበት ከተማ ሞተ። በኑዛዜው ንብረቱን ለካታሪና ትቶላት ነበር፤ የአገሩ ሕግ ግን ሴት ያለ ሞግዚት እንድትኖር ስለማይፈቅድ ብዙ ተቸገረች። እርሷም በ1552 ሞተች። ከወንዶች ልጆቹ ማርቲን የሃይማኖት ትምህርት ተማረ፤ ጳውሎስ ሐኪም ሆነ። የአያቱን ስም የያዘው የበኵር ልጁ ሐንስ ሕግ ተማረ።