ዊልያም ፋር፦ የሞት ምዝገባና የአንድ ስህተት እርማት

በቡታጅራና አካባቢዋ በሚገኙ 9 የገጠርና 1 የከተማ ቀበሌዎች ከ1987 ጀምሮ (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የቡታጅራ የገጠር ጤና ፕሮግራም ልደትን፣ ሞትንና ፍልሰትን ቤት ለቤት እየተከታተለ መዝግቧል። እያንዳንዱን ኩነት በወጥ ቅጽ መዝግቦ ለጤና ሥራ ማዋልን ቀድመው ሥርዓት ካስያዙት ሰዎች አንዱ ዊልያም ፋር ነው።

ፋር በ1807 በእንግሊዝ አገር በሽሮፕሻየር ከድሃ ቤተሰብ ተወለደ። አንድ የአካባቢው ባለርስት አሳደገው፤ በኋላም በፓሪስና በለንደን ሕክምና ተማረ። በ1839 በእንግሊዝና ዌልስ ጠቅላይ የምዝገባ መሥሪያ ቤት ተቀጠረ። ምዝገባው ከተጀመረ ገና 2 ዓመቱ ነበር፤ አንዱ በሽታ በተለያየ ስም ስለሚጻፍ መዝገቡን ማነጻጸር አዳጋች ነበር። ፋር የሞት መንስኤዎችን በወጥ ምድብ ከፈለ። የአካባቢ መዝጋቢዎች የሚልኩት ቅጂ በማዕከል በዕድሜ፣ በቦታና በመንስኤ ተለይቶ ይጠናቀር ጀመር፤ የለንደን የሞት ቁጥርም በየሳምንቱ ታተመ። በ1864 ለወጣው የዕድሜ ሰንጠረዥ መሥሪያ ቤቱ በሒሳብ ማሽን እስከ መጠቀም ደርሷል።

የሥርዓቱ ብርቱ ፈተና ግን የፋር የራሱ እምነት ነበር። በ1849 ኮሌራ በአገሪቱ ከ50 ሺህ በላይ ሰው ሲገድል፣ ፋር በቴምዝ ወንዝ ዳር ባሉ ዝቅተኛ ሰፈሮች ሞት መብዛቱን አስተዋለ፤ መንስኤውም በዋነኛነት የተበከለ አየር ነው ብሎ ደመደመ። ቁጥሩ ትክክል፣ ትርጓሜው ግን ስህተት ነበር። በሽታው በውኃ እንደሚተላለፍ የተከራከረው ጆን ስኖው በ1854 የሟቾቹን አድራሻ ያገኘው ከዚሁ መሥሪያ ቤት መዝገብ ነው። በ1866 ኮሌራ ሲመለስ ሳምንታዊው ቁጥር ሞቱ በምሥራቅ ለንደን መከማቸቱን አሳየ፤ ሥፍራው አንድ የውኃ ኩባንያ ከሚያዳርሰው ክልል ጋር ገጠመ። በዚህ ጊዜ ፋር የውኃውን ድርሻ ተቀብሎ ማስረጃውን ራሱ አቀረበ።

የመሥሪያ ቤቱ የበላይነት ሹመት ለሌላ ሲሰጥ ፋር ሥራውን ለቀቀ፤ በ1883ም አረፈ። የበሽታ ምድቡ ዛሬ ለሚሠራበት ዓለም አቀፍ የበሽታዎች ምደባ አንዱ መሠረት ሆኗል።

ፋር የተሳሳተበት ድምዳሜ የታረመው ራሱ ባደራጀው መዝገብ ነው። ኩነቱ ከነቦታውና ከነጊዜው ሳይዛባ ስለተመዘገበ፣ ውጤቱም ለሌሎች ክፍት ስለነበረ መመርመር ተቻለ። የቡታጅራውን የመሰለ መዝገብ ዋጋም የሚለካው በዚሁ ነው፤ የያዘው ማስረጃ የባለቤቱን ግምት ለመደገፍ ብቻ ሳይሆን ለመሻርም ሲበቃ።