ማሲንቆ ከምንጃር እስከ ጀርመን ያደረሳቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ

የማሲንቆ አሠራር ለሰሜን ሸዋ ገበሬ እንግዳ አይደለም። እንጨት፣ ቆዳና የፈረስ ጭራ ይበቁታል፤ ለጓሳ ደጋ ነዋሪም ለምንጃር ሰውም ከደጅ የሚገኙ ናቸው። በዚህ ባለ አንድ አውታር መሣሪያና በቅኔ ተሰጥኦ ስማቸውን ከተከሉት አንዱ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው።

ተሰማ በ1869 ዓ.ም. ገደማ በምንጃር ተወለዱ። በዘመኑ አዝማሪነት ዜማው የሚወደድ፣ ባለሙያው ግን የሚናቅበት ሥራ ነበር። እርሳቸው በሰምና ወርቅ በተዋዛ አንደበታቸው በዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ተወዳጅነትን አገኙ። በ1900 ዓ.ም. አካባቢ የአውቶሞቢል ሙያ እንዲማሩ ወደ ጀርመን ተላኩ። በዚያም ሳሉ ዜማቸውን በሸክላ አስቀረጹ፤ በኢትዮጵያ ሙዚቃ ታሪክም በሸክላ በመቀረጽ ቀዳሚ ሆኑ።

በልጅ ኢያሱ ዘመን የነጋድራስነት ማዕረግ ደረሳቸው። በ1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ሲወርዱ ግን የወዳጃቸው ውድቀት ለእርሳቸውም ተረፈ፤ ሹመቱ ቀረ። ሹመትን የሰጠ ሊነሣ ይችላል፤ በጣትና በአንደበት ያለ ሙያ ግን አይወረስም። ተሰማም እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ የሚታወቁት በቅኔያቸው ነበር።

በጅማ የተወለዱት ልጃቸው ይድነቃቸው ተሰማ ከ1964 እስከ 1979 ዓ.ም. የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን በፕሬዚዳንትነት መርተዋል።

ነጋድራስ ተሰማ በ1950ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ዐረፉ። ሸክላዎቻቸው ግን ከመቶ ዓመት በኋላ «ኢትዮፒክስ» በተሰኘው ተከታታይ ሥራ 27ኛ ቅጽ ዳግም ለአድማጭ በቅተዋል። ማዕረጉ አልፏል፤ የምንጃሩ ልጅ ድምፅ ግን ዛሬም ይሰማል።