ሬይመንድ አልክዊስት

ሬይመንድ አልክዊስት (1914 – 1983 እ.ኤ.አ.) አድሬናሊን በሰውነት ውስጥ የሚሠራው በሁለት ዓይነት ተቀባዮች በኩል መሆኑን ያሳየ አሜሪካዊ የመድኃኒት ሊቅ ነበር። የተወለደው በሞንታና ግዛት፣ በሚዙላ ከተማ ነው። በጆርጂያ የሕክምና ኮሌጅ ለረጅም ዘመን አስተምሯል።

መጀመሪያ ይፈልግ የነበረው የማኅፀንን ጡንቻ የሚያላላ መድኃኒት እንጂ ልብን የሚመለከት ነገር አልነበረም። አድሬናሊንንና የሚመስሉትን ቅመሞች በልዩ ልዩ የሰውነት ክፍሎች ላይ ሲሞክር ግን የጉልበታቸው ቅደም ተከተል በሁለት መልክ ብቻ ወጣ። ተቀባዮቹን አልፋና ቤታ አላቸው፤ አልፋ የደም ሥርን ያጠብባል፣ ቤታ ልብን ያፈጥናል፣ ያበረታልም። ጽሑፉን አንድ መጽሔት ከመለሰበት በኋላ በ1948 እ.ኤ.አ. በሌላ መጽሔት ታተመ፤ ለዓመታትም ብዙ ትኩረት አላገኘም። ኋላ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብላክ በዚሁ ሐሳብ ተመርቶ ፕሮፕራኖሎልን አስገኘ። ሁለቱ በ1976 እ.ኤ.አ. የላስከር ሽልማት ተሰጣቸው።

ጎጃም በረንዳ ላይ ከባድ ጆንያ ተሸክሞ የሚሄድ ጤነኛ ሰው ልቡ የሚፈጥነው በቤታ ተቀባዮች ነው። በልብ ድካም ጊዜ ግን ሰውነት የደም ዝውውሩን ጉድለት ለመሙላት አድሬናሊንና ኖርአድሬናሊን ያለማቋረጥ ያመነጫል። የልብ ሕዋሳትም ግፊቱ ሲበዛባቸው ቤታ ተቀባዮቻቸውን ይቀንሳሉ፤ በ1982 እ.ኤ.አ. ማይክል ብሪስቶና ባልደረቦቹ በደከሙ ልቦች ላይ ቁጥራቸው በግማሽ ያህል ጎድሎ አገኙት። የደም ሥሮቹ አልፋ ተቀባዮች ግን ማጥበባቸውን ስለማይተዉ የደከመው ልብ ሸክም ይብሳል።

ቤታን የሚያግዱ መድኃኒቶች ልብን ያደክማሉ ተብሎ ለእነዚህ ሕሙማን ተከልክለው ነበር። በ1975 እ.ኤ.አ. በስዊድን የጎተንበርግ ሐኪሞች ለጥቂት ታማሚዎች ሰጥተው መሻሻል አዩ፤ ብዙዎቹ ሐኪሞች የተቀበሉት ግን አልክዊስት ከሞተ በኋላ ነው።