ዶክተር አክሊሉ ለማ፤ ከአድዋ ጅረት እስከ ኤሪ ሐይቅ

ቦሳ አዲስ በሚገኘው የመኖሪያ ቤቴ አጥር ላይ አንድ የእንዶድ ተክል ተንጠላጥሎ ይታያል። ማን እንደ ተከለው አላውቅም፤ ቤቱን ከመከራየቴ በፊት የነበረ ነው። በጅማና በአካባቢዋ በሚገኙት የቡና ከተሞች ይህ ተክል ሀንዶዴ በሚለው የኦሮምኛ ስሙ ይታወቃል፤ በትግርኛ ደግሞ ሽብቲ ይባላል። የከተማው ሰው የፋብሪካ ሣሙና ከለመደ ወዲህ ፍሬውን የሚለቅመው እምብዛም ነው፤ ሆኖም የአገር ልብስ ያለ እንዶድ አይነጣም የሚሉ እናቶች ዛሬም አልጠፉም። ማኅበራችን ለዘንድሮው መጽሔት በሕክምናና በምርምር መካከል ስላለው መንገድ አንድ ጽሑፍ እንዳቀርብ ሲያዘኝ፣ ከዚህ አጥር ርቄ ርእስ መፈለግ አላስፈለገኝም። ስለ እንዶድ የሚያወራ ሁሉ ስለ ዶክተር አክሊሉ ለማ ማውራቱ አይቀርምና። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብ።

አክሊሉ ለማ የተወለዱት በ1935 ነው። ለከፍተኛ ትምህርት ወደ አሜሪካ ተሻግረው፣ በመጨረሻ በባልቲሞር ከተማ ከሚገኘው ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ በጥገኛ ትላትሎችና ተሕዋስያን ጥናት የዶክትሬት ማዕረግ ተቀበሉ። ስለ እሳቸው ከተጻፉት ጽሑፎች አንዳንዶቹ ሐኪም ይሏቸዋል። ስሕተቱ የሚያስገርም አይደለም፤ በአገራችን ዶክተር የተባለና በሽታን ያጠና ሰው ሁሉ መርፌ የሚወጋ ይመስለናል። የሳቸው ዶክትሬት ግን የሳይንስ እንጂ የሕክምና አልነበረም። ይህን የማነሣው ማዕረግ ለማስተካከል ብዬ ብቻ አይደለም። ሐኪም ቢሆኑ ኖሮ፣ ገና ሥራ በጀመሩበት ጊዜ በር ላይ ተሰልፎ የሚጠብቃቸው ሕመምተኛ ከወንዝ ዳር ሊያስቀራቸው ይችል እንደ ነበር ስለማስብ ነው።

ለምሕንድስና ባልደረቦቼ በሽታውን በአጭሩ ማስረዳት ይገባኛል። ቢልሐርዚያ በደም ሥር ውስጥ በሚኖር ትንሽ ትል ምክንያት የሚመጣ በሽታ ነው። በአገራችን በስፋት የሚገኘው ዓይነት አንጀትንና ጉበትን የሚጎዳው ሲሆን፣ የትሉ እንቁላል ከታማሚው ዓይነ ምድር ጋር ወደ ውኃ ይገባል፤ እዚያም ተፈልፍሎ አንድ በተወሰነ የውኃ ቀንድ አውጣ አካል ውስጥ ይራባል፤ ከዚያም እጅግ ተባዝቶ ይወጣና እግሩን ውኃ ውስጥ የነከረውን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። እንግዲህ ሰንሰለቱን ለመበጠስ ሕመምተኛውን ማከም፣ ዓይነ ምድር ከውኃ እንዳይደርስ ማድረግ፣ ወይም ቀንድ አውጣውን ማጥፋት ያስፈልጋል። የእኛም ሙያ ከተጠያቂነት ነፃ አይደለም። የመስኖ ውኃ በቦይ በመራንበት ቦታ ለቀንድ አውጣው ምቹ ቤት የሠራንለት ጊዜ ብዙ ነው፤ በወንጂና በፊንጫ የስኳር እርሻዎች የታየው ይኸው ነው። በ1960ዎቹ ዓመታት የነበሩት መድኃኒቶች ሕመምተኛውንም ጭምር የሚያሠቃዩ ነበሩ፤ ቀንድ አውጣ ለማጥፋት በውጭ አገር የሚሠራው ኬሚካል ደግሞ የሚገዛው በውጭ ምንዛሪ ነበር።

በ1964 ወጣቱ ተመራማሪ በአድዋ ከተማ አጠገብ በሚፈስሱት ጅረቶች ውስጥ የቀንድ አውጣውን ሥርጭት ሲያጠኑ አንድ ያልጠበቁት ነገር ገጠማቸው። ሴቶች ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ባለው የጅረቱ ክፍል የሞቱ ቀንድ አውጦች በርከት ብለው ይገኙ ነበር፤ በሌላው ቦታ ግን እንዲህ ያለ ነገር አልታየም። ሴቶቹ የሚያጥቡት በእንዶድ ነበር። አክሊሉ በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጦችን በዕቃ ይዘው ወደ አንዲት አጣቢ ቀረቡና ከአረፋው ጥቂት እንድትጨምርላቸው ለመኗት። ቀንድ አውጦቹ ሞቱ። ሙከራው ይኸው ነበር፤ ገንዘብ አልፈጀም፣ ፈቃድ አልጠየቀም፣ ከጣሳና ከትዕግሥት በስተቀር መሣሪያ አላስፈለገውም። እንደ እኔ አስተያየት የሥራው ትልቁ ክፍል የተፈጸመው በዚያ ቅጽበት ነው። ከዚያ በኋላ የመጣው የሃያ ስድስት ዓመት ጉዞ በአብዛኛው የገንዘብና የተቀባይነት ታሪክ ነው።

ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ በ1966፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሥር የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ተቋቋመ፤ መሥራቹና የመጀመሪያው ኃላፊ እሳቸው ነበሩ። ስለ ግኝቱ ብዙ ሲነገር ስለዚህ ተቋም የሚነገረው ጥቂት ነው፤ ይህም ቅር ያሰኘኛል። በዚያን ጊዜ ምርምር ማለት አንድ መምህር ከማስተማር፣ ወይም አንድ ሐኪም ከማከም በተረፈው ሰዓት የሚያካሂደው የትርፍ ጊዜ ሥራ ነበር። አክሊሉ የተረዱት ነገር፣ በአገር ውስጥ ምርምርን ዋና ሥራው አድርጎ ደመወዝ የሚቀበልበት ወንበር ለሌለው ሰው ሌላው ድጋፍ ሁሉ ብዙ የማይፈይድ መሆኑን ነው። በ1970 አካባቢ ከአለርት ሆስፒታል አጠገብ የተከፈተው የአርማወር ሐንሰን ምርምር ተቋም በኖርዌይና በስዊድን የሕፃናት አድን ድርጅቶች ገንዘብ ሲቆም፣ የፓቶባዮሎጂው ኢንስቲትዩት የዩኒቨርሲቲው አካል ሆኖ ነው የተጀመረው።

ከ1969 እስከ 1974 ድረስ በአድዋ የተካሄደው የአምስት ዓመት ሙከራ ለመሐንዲስ ዓይን በጣም የሚጥም ነው። የተፈጨ የእንዶድ ፍሬ በጅረቶቹ ላይ በተወሰነ መጠን ይጨመር ነበር፤ ይህም የፍሰቱን መጠን መለካት፣ በአንድ ሊትር ውኃ ስንት ሚሊግራም እንደሚደርስ ማስላት፣ በየስንት ጊዜው እንደሚደገም መወሰን ይጠይቃል። እንዶድ በውኃ ውስጥ በጥቂት ቀናት ይበሰብሳል፤ ይህ ለአካባቢው በጎ ሲሆን ለሠራተኛው ግን ድካም ነው። የቀንድ አውጣውን እንቁላል አይገድልምና ከተፈለፈለ በኋላ መመለስ ግድ ይሆናል። ዓሣንም ይጎዳል፤ ይህን መሸሸግ አይገባም። ውጤቱ ግን ጉልህ ነበር። በሕዝቡ መካከል 63 በመቶ ይደርስ የነበረው የበሽታው ሥርጭት ወደ አንድ ሦስተኛ ገደማ ሲወርድ፣ በትንንሽ ሕፃናት ላይ ደግሞ ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ዝቅ አለ። ሕፃናቱ ያልተያዙት አዲስ መለከፍ ስለ ቀነሰ ነውና ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ ይህ ነው።

በዚሁ ዘመን በካሊፎርኒያ በሚገኘው በስታንፎርድ የምርምር ተቋም የሚሠሩ ኬሚስቶች ገዳዩን ንጥረ ነገር ለይተው አወጡት፤ ለግኝቱ ባለቤትም ክብር ሲሉ ለማቶክሲን ብለው ሰየሙት። ፍሬው ተፈጭቶ ከውኃ ጋር ሲገናኝ በራሱ ውስጥ ባለ ኢንዛይም አማካይነት ንጥረ ነገሩ እንደሚነቃም ታወቀ። እናቶቻችን ፍሬውን አድርቀው ወቅጠው በውኃ የሚያሹት በከንቱ አልነበረም።

ይህ ሁሉ ማስረጃ ተይዞ እንዶድ ለምን በየወንዙ አልተሰማራም? መልሱ ከሳይንስ ይልቅ ከሒሳብ መዝገብ ጋር የተያያዘ ነው። አንድ ንጥረ ነገር ሰው በሚጠቀምበት ውኃ ውስጥ እንዲጨመር ከመፈቀዱ በፊት መርዛማነቱ በዓለም አቀፍ ደንብ መሠረት፣ ደንቡን በሚያሟላ ቤተ ሙከራ መመርመር አለበት፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ይህን ጠየቀ። ጥያቄው በራሱ ፍትሐዊ ነው፤ እኛም ብንሆን ያልተፈተነ ብረት ለድልድይ አንቀበልም። ችግሩ ፈተናው እጅግ ውድ መሆኑና በኢትዮጵያ ደንቡን የሚያሟላ ቤተ ሙከራ አለመኖሩ ነው። ኬሚካል የሚሠራ ኩባንያ ወጪውን የሚከፍለው በኋላ ሸጦ ስለሚያተርፍ ነው። እንዶድን ግን ማንም ገበሬ በአጥሩ ሊያበቅለው ስለሚችል ለፈተናው ከፍሎ የሚያተርፍበት ነጋዴ አልተገኘም። እንግዲህ የግኝቱ ትልቁ ጸጋ፣ ማለትም ርካሽነቱ፣ መልሶ ዕንቅፋት ሆነበት። አክሊሉ በአገር ውስጥ የተገኘው ውጤት እንደ ሙሉ ማስረጃ አለመቆጠሩ ያስቆጫቸው እንደ ነበር በሰፊው ይታወቃል። ቁጭታቸው ተገቢ ነበር እላለሁ፤ የአድዋው ቁጥር የትም ቢጻፍ ያው ቁጥር ነውና።

ኋላም በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ውስጥ በሳይንስና በቴክኖሎጂ ጉዳዮች፣ ቀጥሎም በዩኒሴፍ ሠሩ፤ በ1989 ፍሎረንስ በሚገኘው የድርጅቱ የሕፃናት ዕድገት ማዕከል ምክትል ዳይሬክተር ነበሩ። ከአገር መውጣታቸውን የሚነቅፉ አሉ። እኔ ግን ከኒው ዮርክና ከፍሎረንስ ሆነው እንዶድን አለመርሳታቸውን አስበልጣለሁ። በአገር ውስጥ ሥራውን ከቀጠሉት መካከል የዕፅዋት ተመራማሪው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ዋነኛው ናቸው፤ ከብዙ ዓይነት የእንዶድ ዘሮች መካከል በኃይሉና በፍሬያማነቱ የተመሰገነውን፣ ዓይነት 44 የተባለውን መርጠው ያወጡ እሳቸው ናቸው። ሁለቱም በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን የስዊድን ሽልማት በጋራ ተቀበሉ። የመርዛማነቱም ጥናት በካናዳ ዓለም አቀፍ የልማት ምርምር ማዕከል ድጋፍና በኦታዋው የካርልተን ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ጆን ላምበርት አስተባባሪነት በ1990 ገደማ ተጠናቀቀ። ዓይንን ከማቃጠሉ በስተቀር በሰው ላይ ብርቱ ጉዳት የሚያሰጋ አልተገኘም። የአድዋው ጣሳ ከተሞከረ ወጣቱ ተመራማሪ ወደ ስድሳ ዓመት ተጠግተው ነበር።

ከዚህ በኋላ የመጣው ነገር ለሙያችን ቅርብ ነው። በአሜሪካና በካናዳ ድንበር ባሉት ታላላቅ ሐይቆች ውስጥ የሜዳ አህያ የመሰለ ዝንጉርጉር ዛጎል ያለው እንስሳ ከአውሮፓ በመርከብ መጥቶ ተራብቶ፣ የኃይል ማመንጫዎችንና የከተማ ውኃ መሳቢያ ቧንቧዎችን ይደፍን ጀመር። በኤሪ ሐይቅ ዳር የምትገኘው የቶሌዶ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ለአክሊሉ የክብር ዶክትሬት በሰጠበት ወቅት እንዶድ በዚህ እንስሳ ላይ ተሞከረ፤ ገደለውም። በ1993 ሁለት የዩኒቨርሲቲው ሰዎችና አክሊሉ በፈልሳፊነት የተመዘገቡበት የአሜሪካ ፓተንት ተሰጠ። ዕውቀቱ መጀመሪያ የማን ነበር፣ ከሚገኘውስ ጥቅም ለአድዋ አጣቢዎች ምን ይደርሳቸዋል የሚለው ክርክር ተነሣ። ክርክሩ ተገቢ ነበር፤ ነገር ግን ገንዘብ በተከበበው ቧንቧ ዙሪያ ሰሚ በፍጥነት መገኘቱና በሕፃናት ሆድ ዙሪያ ግን ሃያ ስድስት ዓመት መፍጀቱ የበለጠ ያሳዝነኛል።

በጅማ በ1983 የተቋቋመው የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት፣ በ1999 ከግብርና ኮሌጁ ጋር ተዋሕዶ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል፤ ከጅምሩ ተማሪዎቹን በየቀበሌው አሰማርቶ የሕዝቡን ጤና እንዲያጠኑ በማድረግ የታወቀ ነው። ከዚህ የወጣ ሐኪም ምርምርን ገና በተማሪነቱ ቀምሷል ማለት ነው። ከተመረቀ በኋላስ? ስሙን የማልጠራው አንድ ሐኪም ወዳጄ ቀን ሲያክም ውሎ ማታ ማይክሮስኮፕ ላይ ያመሽ ነበር። የጠየቀው የቤተ ሙከራ ኬሚካል ግዥው ሳይፈጸም የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ተዘጋ፤ በሚቀጥለው ዓመት ጥያቄውን እንደ አዲስ አቀረበ፤ በሦስተኛው ዓመት የማታውን ሰዓት ለግል ክሊኒክ ሰጠው። ልጆች አሉትና አልፈረድኩበትም።

ዶክተር አክሊሉ ለማ ሚያዝያ 5 ቀን 1997 ዐረፉ። ያቋቋሙት ተቋም ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በስማቸው ይጠራል። ቢልሐርዚያን ለመከላከል አሁን በዋናነት የሚሠራበት ፕራዚኳንቴል የተባለው እንክብል ነው፤ በየትምህርት ቤቱ በዘመቻ ይታደላል። እንክብሉ በሰው ውስጥ ያለውን ትል ይገድላል። ቀንድ አውጣው ግን በጅረቱ አለ፤ እንክብሉን የዋጠው ልጅም ከትምህርት ቤት ሲመለስ ያንኑ ጅረት ይሻገራል።