ዓፄ ቴዎድሮስና የአረሩ ልክ

ለዘንድሮው መጽሔታችን የአንድ ታላቅ ሰው ታሪክ እንድጽፍ በታዘዝሁ ጊዜ ዓፄ ቴዎድሮስን መረጥሁ። ስለ እሳቸው ሊቃውንቱ የጻፉት ብዙ ስለ ሆነ፣ አንድ የነገሌ ቦረና ተማሪ ከዚያ ላይ ምን ይጨምራል የሚለኝ ሰው ቢኖር አልቀየመውም። ጀግንነታቸውን ትንሹም ትልቁም ያውቃል። እኔ ልጽፍ ያሰብሁት ግን ስለ ጠብመንጃና ስለ አረር ልክ ነው።

ነገሩ የተነሣው ከቤታችን ነው። አያቴ ብረት ሠሪ ናቸው። አባታቸው ከበጌምድር ተነሥተው ወደዚህ ወደ ቆላው አገር የወረዱት የወታደሩን ጠብመንጃ የሚጠግኑ ባለ እጅ ሆነው ነበር። ከእሳቸው የተረፈ አንድ በአፈሙዙ የሚጎርስ አሮጌ ጠብመንጃ በግድግዳችን ላይ ተሰቅሎ ይኖራል፤ ከተተኮሰም ብዙ ዘመን ሆኖታል። ልጅ ሳለሁ አንዳንድ ልጆች ጠይብ እያሉ ይሰድቡኝ ስለ ነበረ፣ ያን ጠብመንጃ ለጓደኛ ማሳየት አፍር ነበር።

ባለፈው ክረምት ታሪክ ሳጠና ከእሮጌ ጦርነት ላይ ደረስሁ። በዚያ ቀን ከእኛ ወገን ሰባት መቶ ያህል ሰው ሲሞት ከእንግሊዞች የሞቱት ሁለት ብቻ መሆናቸውን ባነበብሁ ጊዜ ነገሩ አልዋጥልህ አለኝ። ወደ አያቴ ሄጄ እንዴት እንዲህ ሊሆን ቻለ ብዬ ጠየቅኋቸው። እሳቸው ምንም ሳይመልሱ ጠብመንጃውን ከግድግዳው አወረዱ፤ ባዶ መሆኑንም አረጋገጡ። ከዚያም ከአንድ የቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ ክብ የእርሳስ አረር አውጥተው በአፈሙዙ ጣሉት። አረሩ ግራና ቀኙን እየመታ ሲንኮሻኮሽ ወረደ፤ ጠብመንጃውን ቢደፉትም ተንከባሎ መዳፋቸው ላይ ወደቀ። ቀጥለው ያንኑ አረር ሞራ በተቀባ ስስ ጨርቅ ጠቀለሉትና በጣታቸው ገፉት። አሁን እንቢ እያለ ጥቂት ገባና ጥብቅ ብሎ ቆመ። ጨርቁን ይዘው መልሰው አወጡትና ወደ ሥራቸው ሄዱ። የጠየቅሁትን መመለሳቸው መሆኑ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

በአፈሙዙ የሚጎርስ ጠብመንጃ በተተኮሰ ቁጥር የባሩድ ጥቀርሻ በውስጡ ይጋገራል። ስለዚህ አረሩ ከቀዳዳው ካላነሰ ከጥቂት ተኩስ በኋላ አልገባም ይላል። ያነሰ እንደ ሆነ ደግሞ የባሩዱ ኃይል በጎኑ ያመልጣል፤ አረሩም ከግድግዳ ግድግዳ እየተላተመ ይሄድና በመጨረሻ የነካው ግድግዳ ወደ ገፋው አቅጣጫ ይወጣል። ጨርቁ ይህን ክፍተት ይደፍነዋል። ሲወፍር በዘንግ ቢጎሰጉሱት አይገባም፤ ሲሳሳ ይቃጠላል። ስለዚህ ጠንቃቃ ተኳሽ ለጠብመንጃው የሚስማማውን አረር፣ ጨርቅና የባሩድ ልክ በሙከራ ያገኘዋል። ለመድፍም እንዲሁ ነው። የፈረንጅ መድፈኞች ከመድፉ አረር በታች የእንጨት መቀመጫ ያስሩለት ነበር፤ ስሙንም ሳቦ አሉት፤ በፈረንሳይኛ የእንጨት ጫማ ማለት ነው። ዛሬም በውጭ አገር በአፈሙዝ ጎራሽ የሚያድኑ ሰዎች አነስ ያለውን ጥይት የፕላስቲክ ጫማ አጥልቀውለት ያጎርሱታል፤ አንዱ ጠብመንጃ የወደደውን ጫማና ጥይት ሌላው አይወደውምና ዒላማ ላይ እየሞከሩ ይመርጣሉ።

ወደ ንጉሡ ልመለስ። ዓፄ ቴዎድሮስ በ1811 ዓ.ም. ግድም በቋራ ተወለዱ፤ የመጀመሪያ ስማቸውም ካሣ ነበረ። አባታቸው ገና በልጅነታቸው ሞቱ። እናታቸው ከችግር የተነሣ ኮሶ ይሸጡ ነበር እየተባለ፣ ጠላቶቻቸው የኮሶ ሻጭ ልጅ ብለው ይሰድቧቸው ነበር። ይህን ባነበብሁ ጊዜ ንጉሡን ከቀድሞው ይበልጥ ወደድኋቸው፤ ምክንያቱን ከላይ ተናግሬአለሁ።

በ1840 ዓ.ም. በሱዳን ጠረፍ፣ ደባርቂ በተባለው ስፍራ ከግብፅ ጦር ጋር ገጠሙ። ግብፆቹ በምሽግ ውስጥ ሆነው በመድፍ ጠበቋቸው፤ የካሣ ጭፍሮች በድፍረት ወደ ምሽጉ ቢሮጡ ረገፉ። ካሣ ከዚያ ቀን ጀምሮ የመድፍና የሥርዓተ ጦር ነገር ከልባቸው አልወጣም። በአገር ውስጥ ግን የሚችላቸው አልተገኘም። በ1845 ዓ.ም. ደጃዝማች ጎሹን በጉር አምባ፣ ራስ ዓሊን በአይሻል አሸነፉ፤ በ1847 ዓ.ም. ደጃዝማች ውቤን በደረስጌ ድል አድርገው በዚያው በደረስጌ ማርያም በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብተው ነገሡ።

ሌሎች መሳፍንት ጠብመንጃ ከጠረፍ መግዛትን ያውቁ ነበር። ዓፄ ቴዎድሮስ ከዚህ አልፈው ጠብመንጃውን የሚሠራውን ሰው ፈለጉ። በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት፣ ወንጌል ሊሰብኩ የመጡትን እነ ዋልድማየርን መድፍ እንዲሠሩ አዘዟቸው። ሰዎቹ መድፍ አፍስሰው አያውቁም ነበርና የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ። ንጉሡ ግን እንደገና ይሞከር አሉ። በመጨረሻ ተሳካ፤ ከተሠሩትም ሁሉ ትልቁን በክሪሚያ ጦርነት በተከበበችው ከተማ ስም ሴባስቶፖል አሉት። ክብደቱ ሰባ ኩንታል ያህል ነው። አያቴ ይህን ሲሰሙ የጠየቁኝ የምድጃውን ጡብ ከምን አፈር እንደ ሠሩት ነበር። ባለ እጅ ሌላውን ነገር አይጠይቅም መሰለኝ።

የንጉሡን ጥፋት ልደብቅ አልሻም። በ1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ የላኩት ደብዳቤ መልስ ባጣ ጊዜ ቆንስሉን ካሜሮንን ከሌሎች አውሮጳውያን ጋር በሰንሰለት አሰሩ፤ በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን ከነአብያተ ክርስቲያናቷ አቃጠሉ። የእጅ ሥራ ያከበረ ሰው የስንት ባለ እጅ ሥራ የነበረችውን ከተማ ማቃጠሉ እኔን እስካሁን ያሳዝነኛል። በ1858 ዓ.ም. ደግሞ ፍላድ የተባለውን ሚስዮናዊ ሠራተኞችና መሣሪያ እንዲያመጣ ወደ እንግሊዝ ልከውት ነበር። ሠራተኞቹ እስከ ምጽዋ መጡ፤ እስረኞቹ ስላልተፈቱ ከዚያው ተመለሱ። በእነሱ ምትክ ጄኔራል ናፒየር ከነሠራዊቱ መጣ።

ንጉሡ በ1860 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ ከደብረ ታቦር ተነሥተው ሴባስቶፖልን በሰው ጉልበት እያስጎተቱ፣ ዐለቱን በባሩድ እያፈረሱ፣ ራሳቸው ድንጋይ እያነሡ፣ የበሽሎን ሸለቆ አሻግረው በመጋቢት መቅደላ ደረሱ። መንገዱ እንዲህ ያለ ስለ ነበረ፣ ሊወጋቸው የመጣው የእንግሊዝ ጦር ራሱ በከፊሉ ተጠቅሞበታል።

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. የስቅለት ዕለት ነበረ። ከሰዓት በኋላ ዝናብና ነጐድጓድ መጣ። የንጉሡ መድፎች በፈላ ኮረብታ ላይ ተጠምደው ወደ ታች ወደ እሮጌ ሜዳ ተኮሱ፤ አረሩ ግን በጠላት ራስ ላይ እያለፈ ሄደ። ከትልልቆቹ አንዱ ሁለት እጥፍ አጉርሰውት ኖሮ በመጀመሪያው ተኩስ ፈነዳ። ፊታውራሪ ገብርዬ ጭፍራውን እየመሩ ወረዱ። አብዛኛው ጠብመንጃ በአፈሙዙ የሚጎርስ፣ ውስጡ ልሙጥ፣ ከልዩ ልዩ አገር የተሰበሰበ ነበረ። ለአንዱ የተስማማው አረር በሌላው ውስጥ እንደ አያቴ አረር ይንኮሻኮሻል። በእሳት ክር የሚተኮሰውም ዝናብ ሲያገኘው ምን እንደሚሆን ግልጽ ነው።

እንግሊዞች የያዙት ስናይደር የተባለ ጠብመንጃ ነበረ። የሚገርመው ይህ ጠብመንጃ ራሱ ከሁለት ዓመት በፊት በአፈሙዙ ይጎርስ የነበረው ኤንፊልድ መሆኑ ነው፤ ጀርባውን ቆርጠው መክፈቻ አበጁለትና ጥይቱ በኋላ እንዲገባ አደረጉት። ውስጡ ጠመዝማዛ ቦይ አለው። ጥይቱም ጀርባው ጐድጓዳ ሆኖ በውስጡ ትንሽ የሸክላ ውታፍ ተቀምጦበታል። ባሩዱ ሲነድ ጥይቱ ይሰፋና ቦዩን አንቆ ይይዛል፤ እየተሽከረከረ ስለሚወጣም አቅጣጫውን አይስትም። ጨርቁም መጎስጎሻውም ቀረ። አንድ ሰው በደቂቃ ዐሥር ጊዜ ያህል ይተኩስ ነበር፤ በአፈሙዝ የሚያጎርሰው ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ቢተኩስ ነው። ያ ውታፍ ከጣት ጥፍር አይበልጥም፤ ሸክላ ደግሞ በየመንደራችን ሞልቷል። ይህን ሳስብ ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ፊታውራሪ ገብርዬ በዚያው በእሮጌ ወደቁ። ንጉሡ በማግሥቱና በሚከተለው ቀን አውሮጳውያኑን ለቀቁ፤ እጄን ስጡ ቢባሉ ግን እንቢ አሉ። ሚያዝያ 6 ቀን፣ የትንሣኤ ማግሥት ሰኞ፣ እንግሊዞች የመቅደላን በር ሰብረው ሲገቡ ንግሥት ቪክቶሪያ በስጦታ በላከችላቸው ሽጉጥ ራሳቸውን ገደሉ።

ይህ የሩቅ አገር ታሪክ ብቻ አይምሰላችሁ። በጥር 1928 ዓ.ም. የራስ ደስታ ዳምጠው ጦር በገናሌ ዶርያ ከግራዚያኒ አውሮፕላንና ብረት ለበስ ጋር ተዋግቶ ሲሸነፍ ጣልያኖች የገቡት በዚህችው በነገሌ ነው። አያቴ ያን ጊዜ አልተወለዱም፤ አባታቸው ግን የሰው ሁሉ ጠብመንጃ እየመጣ በደጃቸው ይከመር እንደ ነበረ፣ ለሁሉም የሚሆን ጥይት ግን እንዳልነበረ ይነግሯቸው ነበር አሉ።

ጽሑፌን ጨርሼ ባነበብሁላቸው ጊዜ አያቴ እስከ መጨረሻው ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ የሴባስቶፖል አፍ ስፋቱ ስንት ነው ብለው ጠየቁኝ። መጽሐፍ ማገላበጥ ስጀምር አቋረጡኝና ከመሣሪያ ሣጥናቸው አንድ ሲባጎ አወጡ። የአዲስ አበባው ቴዎድሮስ አደባባይ መድፍ አምሳያ ስለ ሆነ እሱ አይሆንም አሉ፤ ዋናው በመቅደላ ተራራ ላይ ነው። ፈተናዬን ጨርሼ ወደ ሰሜን ስሄድ ሲባጎውን በአፉ ላይ ዘርግቼ፣ በልኩ ቆርጬ እንዳመጣላቸው አዘዙኝ። ሲባጎው አሁን በደብተሬ ውስጥ አለ።